በሲር ባኒ ያስ ደሴት ስለምትገኘው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያንና ስለ ቅጽርዋ

ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ አስቀድሞ የሚሳለመው ቅጽሩን ነው። ወደ ውስጥ ሳይገባ በበሩ ቆሞ ያማትባል፤ መድረኩን ይስማል፤ በዐፀዱ ያሉትን ዛፎችና መቃብሮች አልፎ ወደ ደጀ ሰላሙ ይቀርባል። ይህ ከአበው የተወረሰ ሥርዐት ሕንፃውንና በዙሪያው ያለውን መሬት አንድ አድርጎ የሚያይ ነው፤ በቅጽሩ ውስጥ ያረፉት ሙታን ከማኅበሩ ያልተለዩ ምእመናን ናቸውና። ነገር ግን ቄስ የሌላት፣ ደወል የማይሰማባት፣ ቅዳሴ ከተቋረጠባት 1,200 ዓመት ያለፋት ቤተ ክርስቲያን ስታጋጥመው ተሳላሚው ምን ያደርግ ዘንድ ይገባዋል? የቆመበት መሬት ቅዱስ ነውን ወይስ የድንጋይ ክምር ብቻ?

ይህን ጥያቄ የምታስነሣው ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ በአቡ ዳቢ ግዛት ውስጥ፣ ሲር ባኒ ያስ በምትባል ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱ ከአቡ ዳቢ ከተማ በስተ ምዕራብ ርቃ፣ ጀበል ዳና ከሚባለው የባሕር ጠረፍ ፊት ለፊት ትገኛለች። ስምዋ የተወሰደው ባኒ ያስ ከተባለው የዐረብ ነገድ ነው፤ የአቡ ዳቢ ገዥዎችም ከዚሁ ነገድ የተወለዱ ናቸው። በአቡ ዳቢና በአል ዐይን ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ ሄደው ስለሚኖሩ፣ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማወቅ ለእነርሱም ለሀገር ቤት መነኮሳትም ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአቡ ዳቢ ገዥና የኤምሬቶቹ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን በግዛታቸው ያሉት ደሴቶች በታሪክ አጥኚዎች እንዲመረመሩ አዝዘው ነበር። በ1992 ዓ.ም. መርማሪዎቹ በሲር ባኒ ያስ ሲዘዋወሩ ከአሸዋ በታች የተቀበሩ የግንብ ፍራሾችንና የሸክላ ስብርባሪዎችን አገኙ። በማግሥቱ ዓመት ቁፋሮ ተጀመረ፤ ሥራውን የመራውም ጆሴፍ ኤልደርስ የተባለ የሥነ ቁፋሮ ሊቅ ነበር። ቁፋሮው እየገፋ ሲሄድ ከጀሶ የተሠራ መስቀል ወጣ። ያን ጊዜ ፍራሹ የማን ቤት እንደ ነበረ ታወቀ፤ በዚያች ደሴት ላይ የክርስቲያን መነኮሳት ገዳም ነበረ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ አሠራር ለኢትዮጵያዊ ተሳላሚ እንግዳ አይደለም። ሕንፃዋ ወደ ምሥራቅ የቀና ነው፤ መቅደሱም በምሥራቅ በኩል ነው። ውስጧ በርዝመቱ በሦስት የተከፈለ ሆኖ፣ ሰፊው ክፍል በመካከል፣ ጠባቦቹ በግራና በቀኝ ናቸው። ግድግዳዋ ከባሕር በወጣ ድንጋይ ተሠርቶ በልስን ተለስኖ ነበር፤ የምጽዋን የቆዩ ቤቶች ያየ ሰው ይህን የድንጋይ ዐይነት ያውቀዋል። በልስኑ ላይ የመስቀልና የወይን ሐረግ ቅርጽ ተቀርጾበት ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በቅጽር መካከል ናት፤ የመነኮሳቱም በዓቶች በዙሪያዋ ነበሩ። እንግዲህ መነኵሴው ከበዓቱ ሲወጣ በዐይኑ ፊት የሚያገኘው መቅደሱን ነበረ። በደብረ ሊባኖስም ሆነ በጣና ደሴቶች የሚኖር መነኵሴ ይህን አኗኗር ያለ አስረጂ ያስተውለዋል።

ከዋናው ቅጽር ውጭ ደግሞ ትናንሽ ግቢ ያላቸው ቤቶች ተገኝተዋል። በ2025 ዓ.ም. ቁፋሮው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ገና ሲጀመር፣ ከእነዚህ ቤቶች ከአንደኛው ሌላ የጀሶ መስቀል ወጣ። ርዝመቱ 27 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 17፣ ውፍረቱ 2 ነው። መስቀሉ የቀራንዮን ተራራ በሚያመለክት ደረጃ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከሥሩ ቅጠል ይበቅላል። ከዚህ የተነሣ ቤቶቹ በዕድሜና በተጋድሎ የሸመገሉ መነኮሳት ከማኅበሩ ጥቂት ፈቀቅ ብለው በጽሙና የሚኖሩባቸው እንደ ነበሩ ተገምቷል። በማኅበር የሚኖሩና በበዓት የሚዘጉ መነኮሳት በአንድ ቦታ መገኘታቸው በኢትዮጵያም ገዳማት የታወቀ ሥርዐት ነው።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ዘመን በመጀመሪያ የተገመተው ከእስልምና መነሣት በፊት ነበር። ሮበርት ካርተር የተባለ ሊቅ ግን የተገኙትን የሸክላ ዕቃዎች መርምሮ በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ገዳሙ ይኖርበት የነበረው ዘመን ከሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ መሆኑን አመለከተ። ይህ የዘመን እርማት ትንሽ ነገር አይደለም። መነኮሳቱ በዚያች ደሴት ላይ ሲጸልዩና መስቀል ሲቀርጹ፣ በዙሪያቸው ያለው የዐረብ ምድር ሁሉ በእስላም መንግሥት ሥር ነበረ ማለት ነው። ጐረቤቶቻቸው ሃይማኖታቸውን ለውጠው ሳለ እነርሱ ማዕጠንታቸውን ሳያጠፉ ቆይተዋል።

ይህን በሚገባ ለማስተዋል የአካባቢውን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከቀጠር እስከ ባሕሬን ያለው የባሕር ዳርና ደሴቶቹ በሶርያ ቋንቋ ቤት ቀጥራዬ ይባሉ ነበር። በዚያ ኤጲስ ቆጶሳት የተሾሙባቸው ብዙ ከተሞች ነበሩ፤ ዛሬ በባሕሬን ሳማሂጅ የምትባለው መሽማሂግ አስቀድሞ በ410 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ኤጲስ ቆጶስ ያላት ሀገር ሆና ተጠቅሳለች። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዖማንና አካባቢዋ ማዞን ትባል ነበር። እነዚህ ሁሉ መንበሩ በፋርስ መንግሥት ከተማ በነበረው በምሥራቅ ካቶሊኮስ ሥር ነበሩ።

በሰባተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካቶሊኮስ የነበረው ዳግማዊ ሳይሆን ሣልሳዊ ኢሾዕያህብ ስለ ማዞን ሰዎች የጻፈው መልእክት እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በዚያ መልእክት የማዞን ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን እንደ ተዉ በብርቱ ኀዘን ይናገራል። የሚያስደንቀው ግን የሚሰጠው ምክንያት ነው። ዐረቦቹ በሰይፍ አላስገደዷቸውም ይላል፤ ይልቁንም ካህናትንና ገዳማትን ያከብሩ እንደ ነበር ይመሰክራል። የተጠየቁት በሃይማኖታቸው ለመጽናት የገንዘባቸውን እኩሌታ እንዲሰጡ ብቻ ነበር፤ እነርሱ ግን ገንዘባቸውን ይዘው ሃይማኖታቸውን ሰጡ። ዔሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ ለወጠ፤ እነዚህም ልጅነታቸውን በንብረታቸው እኩሌታ ለወጡ።

ሰማዕታትን በደማቸው የምታስብ ቤተ ክርስቲያን ይህን ታሪክ ስትሰማ ትደነግጣለች። ሰይፍ ሲመጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ወይ ይክዳል፣ ወይ ይመሰክራል። ገንዘብ ሲመጣ ግን ሰው የካደ አይመስለውም፤ ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እያለ ይሄዳል። የሚፈርስበትም ቀን ለራሱ አይታወቀውም።

የሲር ባኒ ያስ ገዳም ለዚህ ሁሉ መልስ ሆኖ ይታያል። ካቶሊኮሱ ስለ ማዞን ሰዎች ባለቀሰ በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ፣ ከዚያው ምድር አጠገብ ባለች ደሴት ላይ መነኮሳት ቅጽር ሠርተው ይኖሩ ነበር። የእኩሌታው ገንዘብ ጥያቄ እነርሱን አልበገራቸውም፤ መነኵሴ ሁሉን አስቀድሞ የተወ ነውና እኩሌታ የሚባል የለውም። ያላቸው በዓትና ጸሎት ነበር፤ እርሱንም ጠበቁ። እንዲህ እያሉ እስከ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ገዳሙ ባዶ ሆነ። ቆፋሪዎቹ የቃጠሎ ወይም የጥፋት ምልክት አላገኙበትም። መነኮሳቱ በሰላም ወጡ፤ በሩ ሳይሰበር ቀረ፤ አሸዋውም መጥቶ ከደነው።

ከዚህ ጋር የምትመሳሰለው የሳማሂጅ ታሪክ ደግሞ ስለ ቤተ ክርስቲያን ዐፀድ የሚያስተምረው ነገር አለው። በባሕሬን በሳማሂጅ መንደር፣ በእስላሞች መካነ መቃብር ውስጥ፣ የፈረሰ መስጊድ ያለበት ጕብታ ነበር። ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ከመስጊዱ በታች ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የነበረ የክርስቲያኖች ሕንፃ ተገኘ፤ በግድግዳውም መስቀል ተገኘበት። የኤጲስ ቆጶሱ ቤት ሳይሆን እንዳልቀረ ሊቃውንቱ ገምተዋል። ክርስቲያኖች አለፉ፤ በኋላ የመጡት ሰዎች በዚያው ስፍራ ጸሎት ቤት ሠሩ፤ ሙታናቸውንም በዙሪያው አሳረፉ። ሃይማኖቱ ቢለወጥም ቦታው ለጸሎትና ለሙታን ዕረፍት የተለየ ሆኖ ኖረ፤ ከጥፋት የጠበቀውም ይኸው ክብር ነው። የሰው ልጅ መቃብርን የሚያከብር እስከ ሆነ ድረስ እግዚአብሔር የተቀደሰውን መሬት በማናቸውም እጅ ሊያስጠብቅ ይችላል።

አሁን ግን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። በሲር ባኒ ያስ የነበሩት መነኮሳት ከምሥራቅ ካቶሊኮስ ወገን ነበሩ። ይህች የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የተደረገውን የቅዱስ ቄርሎስን ጉባኤ አልተቀበለችም፤ ተዋሕዶ የምታወግዘውንም ንስጥሮስን ከመምህራንዋ ትቈጥረዋለች። እንግዲህ የተዋሕዶ ልጅ በዚያ ቅጽር ፊት ቆሞ ሊያማትብ ይገባዋልን? ይህ ለፌዝ የማይነገር ነገር ነው፤ አበው በሃይማኖት ጉዳይ አድልዎ አያውቁምና። የኤፌሶን ጉባኤ የወሰነው ዛሬም የጸና ነው፤ ስለ ፍራሽ ውበት ተብሎ የሚላላ የለም።

ነገር ግን የኢትዮጵያ መነኮሳት ከዚያ ምድር የተቀበሉት አንድ ነገር አለ፤ ብዙዎች ግን ከየት እንደ መጣ አያስተውሉትም። በገዳማት ለሚመነኵስ ሰው የሚነበቡና የሚተረጐሙ ሦስት መጻሕፍት አሉ፤ መጻሕፍተ መነኮሳት ይባላሉ። እነርሱም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያው ማር ይስሐቅ የተወለደው በቤት ቀጥራዬ ነው። ይኸውም የሲር ባኒ ያስ ደሴት ያለችበት የዚያው ባሕር ዳርቻ ነው። ገዳሙ በቆመበት በሰባተኛው መቶ ዓመት ማር ይስሐቅም በሕይወት ነበረ።

ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ በ676 ዓ.ም. ወደዚያ ምድር መጥቶ ዲሪን በምትባል ደሴት ጉባኤ አድርጎ ነበር። ይኸው ካቶሊኮስ ማር ይስሐቅን በቤት ዐቤ ገዳም የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። እርሱ ግን በሹመቱ የቆየው አምስት ወር ብቻ ነው። መንበሩን ትቶ ወደ ተራራ ወጣ፤ ከባሕታውያን ጋር ተቀመጠ፤ ኋላም ረባን ሻቡር በሚባለው ገዳም ኖረ። መጻሕፍትን ከማንበብ ብዛት ዐይኑ ታወረ፤ ትምህርቱንም ደቀ መዛሙርቱ እየሰሙ ጻፉለት። ስለዚህም ዐይነ ስውሩን የእስክንድርያ መምህር በማስታወስ ሁለተኛው ዲዲሞስ ተባለ።

ፊልክስዩስም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ይህ መጽሐፍ በሶርያዊው ፊልክስዩስ ስም ይጠራል። የሶርያን መጻሕፍት ከግእዙ ጋር ያስተያዩ ሊቃውንት ግን ዳዲሾ ቀጥራያ የተባለ መነኵሴ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለ ገዳማውያን አበው ዜና የጻፈው ትርጓሜ መሆኑን አስረድተዋል። ቀጥራያ ማለት የቀጥር ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ከሦስቱ መጻሕፍት ሁለቱ የተገኙት ከዚያ የባሕር ዳር ልጆች ነው፤ ሦስተኛውም አረጋዊ መንፈሳዊ ከዚያችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኵሴ የተገኘ ነው። መጻሕፍቱ ከሶርያ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሱ፤ በኢትዮጵያም መምህራን የአማርኛ አንድምታ ተሠራላቸው። በዚህም ዐይነት፣ በዐረብ አሸዋ ውስጥ ዝም ያለው ድምፅ በጎጃምና በጎንደር፣ በሸዋና በትግራይ ገዳማት ሲነበብ ይኖራል።

አበው ይህን ሲቀበሉ የንስጥሮስን ትምህርት አልተቀበሉም። የተቀበሉት ስለ ጾምና ስለ ጽሙና፣ ስለ እንባና ስለ ትሕትና፣ ለፍጥረት ሁሉ ስለ መራራት የተነገረውን ምክር ነው። ስንዴውን ከእንክርዳዱ ለይተው በጎተራ አኖሩት። ተሳላሚውም በሲር ባኒ ያስ ቅጽር ፊት ሲቆም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለ ጉባኤው ከአበው ጋር ይቆማል፤ ስለ ተጋድሎው ግን ራሱን ዝቅ ያደርጋል። እነዚያ መነኮሳት ያነበቡትና የኖሩት የምንኵስና ሕይወት በገዛ መምህሮቹ አፍ ሲነገር ያደገበት ነውና፣ በእንግዳ ደጅ የቆመ አይደለም።

ከመነኮሳቱ መውጣት በኋላ በዚያ ምድር የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ለብዙ መቶ ዓመታት አልተሰማም። የተመለሰው በትሑት መንገድ ነው። በ1960 ዓ.ም. ሼክ ዛይድ የአል ዐይን አካባቢ ገዥ ሳሉ፣ በወሊድ ጊዜ እናቶችና ሕፃናት በብዛት ይሞቱ ስለ ነበር፣ ፓት ኬኔዲና ማሪያን ኬኔዲ የተባሉ ባልና ሚስት ክርስቲያን ሐኪሞች በአል ዐይን የተምር ቦታ ሕክምና እንዲጀምሩ ተጋበዙ። ኦአሲስ የተባለው ሆስፒታል ከዚያ ተነሣ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በወቅቱ ገዥ በሼክ ሻክቡጥ በተሰጠ መሬት ላይ የቅዱስ ዮሴፍ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአቡ ዳቢ ተሠራች። ዛሬ በአቡ ዳቢ ሙሽሪፍ በሚባለው ሰፈር የካቶሊክ፣ የአንግሊካንና የግብጽ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ፤ በአል ዐይንም ቤተ ክርስቲያን አለ።

የሲር ባኒ ያስንም ፍራሽ የጠበቁት እስላሞች ናቸው። ሼክ ዛይድ ደሴቲቱን የዱር አራዊት መጠበቂያ አድርገዋት ነበር፤ ገዳሙም በተገኘ ጊዜ እንዲጠበቅ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ለጐብኚ ተከፈተ፤ በ2019 ዓ.ም. ከፀሐይና ከነፋስ የሚከልለው መጠለያ ተሠርቶለት እንደ ገና ተከፈተ። ይህ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይመስለውም። በ615 ዓ.ም. ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ እስላሞች ባሕር ተሻግረው በአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ ዘንድ ተጠግተዋል፤ ንጉሡም ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጣቸውም። አንዱ ሕያዋን ስደተኞችን ጠበቀ፤ ሌላው የሙታንን መስቀል ጠበቀ። የእንግዳ ክብር በሁለቱም ባሕር ዳር የታወቀ ነው።

በአቡ ዳቢም ሆነ በአል ዐይን የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በሰው ቤትና በሰው ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ጾማቸውን የሚጾሙት ለሌላ ሰው ማዕድ እየሠሩ ነው፤ ጸሎታቸውንም የሚያደርሱት ሥራ በሚፈቅደው ሰዓት ነው። ማንም ሰይፍ አይመዝባቸውም። የሚመጣባቸው ፈተና ያ የማዞን ሰዎች ፈተና ነው፤ ጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ፣ ጥቂት ምቾት፣ ጥቂት ዝምታ። እሑድን መርሳት፣ ከዚያም ጾሙን፣ ከዚያም ንስሐ አባትን፣ በመጨረሻም የክርስትና ስምን። እኩሌታው ንብረት የሚባለው ዛሬም በብዙ መልክ ይቀርባል። ደሴቲቱ ላይ ያሉት ድንጋዮች ለዚህ ትውልድ የሚመሰክሩት፣ በዚያው ምድር ሁለት ዐይነት ክርስቲያኖች እንደ ኖሩ ነው። አንዱ ወገን ገንዘቡን ጠበቀ፤ ስሙም ጠፋ። ሌላው ወገን በዓቱን ጠበቀ፤ መስቀሉም ከ1,200 ዓመት በኋላ ከአሸዋ ወጣ።

ስለዚህ ወደ ሲር ባኒ ያስ የሚሄድ ተሳላሚ ጫማውን ማውለቅ ባይገደድም ድምፁን ዝቅ ያድርግ። በቅጽሩ ላይ አይረማመድ፤ ለማስታወሻ ብሎ ድንጋይ አያንሣ። ወደ ምሥራቅ ይመልከትና መቅደሱ የነበረበትን ለይቶ ይወቅ፤ በልቡም ስለ ሙታን ሁሉ ይጸልይ፤ የእያንዳንዱን ፍርድ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነውና። ወደ ቤቱ ሲመለስ ማር ይስሐቅን የሚያነብ መምህር ይፈልግና ይቀመጥ፤ መሄድ ያልቻለ መነኵሴም በበዓቱ ሆኖ ያንኑ መጽሐፍ ይክፈት። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ግንብ ፈርሶ ያለው በደሴቲቱ ነው፤ ያልፈረሰው ክፍልዋ ግን ያለው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በሰው ሀገር የሚኖሩትን ልጆቹን በሃይማኖት ያጽናልን፤ ባሕር ተሻግረው የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ በታወቀና ባልታወቀ መቃብር ያረፉትንም ነፍስ ይማርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።